ወንድሜ አልልህም

ሊታል ክፍሌ ያን ቀን ጠዋት መታመም ፈልጋ ነበር። ጉንፋን ይሁን፣ የጥርስ ሕመም ይሁን፣ ብቻ ከሥራ የሚያስቀር አንድ ነገር። ግን በሽታ ሲፈልጉት የት ይገኛል! እሷ ፍጹም ጤነኛ ሆና፣ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ከሆስፒታሉ የሲቲ ማሽን ክፍል በመስታወት በተለየችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የታመመው እሱ ነው።

«ቀጣዩ ክንዴ ዘበነ ነው» አለች የሥራ ባልደረባዋ ስታቭ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ። «ባለፈው ቀጠሮ ተይዞለት የጠፋው። ዛሬ እንኳ መጥቷል። እኔ ላስተኛው ወይስ አንቺ?»

«አንቺ አስተኚው። እኔ ከዚህ እሠራለሁ።»

ስታቭን የሊታል ድምፅ ደስ አላላትም፤ ቀና ብላ አየቻትና ሳትጠይቅ ወጣች። ሊታል በልቧ የያዘችው እቅድ ይህ ነበር፦ ካየኝ ይሄዳል። ባለፈውም የጠፋው እኔ እዚህ እንደምሠራ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ አያየኝም። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ሥዕሉን አነሳለሁ፣ መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ እሱም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አለቀ። ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እቅድ ያወጣል፤ የተሳካለት ግን አይቼ አላውቅም።

ክንዴ በኤመቅ ሳራ የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ማልጌዛ ይነዳል፤ ያቺን ሁለት የብረት ክንዶቿን ዘርግታ ዕቃ የምታነሳ መኪና። በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሊታል ግን እዚሁ ቤርሼባ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ወታደርነቷን ጨርሳ ይህን ሙያ የያዘች ናት። አባቷ አቶ ክፍሌ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በሩ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ቢሮ አላቸው፤ ስለዚያ በር ሰው ሳይጠይቃቸውም ያወራሉ። ሊታል በአማርኛ ሲጠይቋት በዕብራይስጥ የምትመልስ ልጅ ነበረች። አማርኛዋን ያስተካከለላት ክንዴ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ፣ ባዶ በሆኑት የኤመቅ ሳራ መንገዶች ላይ መኪና መንዳት ሲያስተምራት፣ ሞተሩ ሲጠፋባት፣ «ትንሽ አየር ሳቢ። ያዥ። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ይላት ነበር። መኪናውንም፣ አማርኛውንም፣ እሱንም መውደድ የጀመረችው በአንድ ጊዜ ነው።

ከሮሽ ሃሻና፣ ከአዲስ ዓመት በዓል በፊት ሽማግሌ ተላከ። እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ሁለቱ ልጆች ከሰባት ትውልድ ወዲህ የሚያገናኛቸው ደም ካለ እህትና ወንድም ናቸውና አይጋቡም። አቶ ክፍሌ ዩድ አሌፍ ሰፈር ባለው ሳሎናቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው የራሳቸውን ወገን ቆጠሩ። ቀጥሎ የክንዴ እናት እማማ ትብለጥ የሟች ባላቸውን ወገን ቆጠሩ፤ ከባላቸው ዘመዶች አንድም እዚህ አገር የደረሰ የለምና ሌላ የሚቆጥር አልነበረም። ሊታል ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ ጣቷን እየነከሰች ትሰማለች። «ክንዴ ዘበነ፣ ዘበነ ታከለ፣ ታከለ ጀምበሬ፣ ጀምበሬ ዋሴ» አሉ እማማ ትብለጥ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉ። «ዋሴ አየሉ።»

«የትኛው አየሉ? የወገራው?» አሉ አቶ ክፍሌ። አሁን ገና እሳቸውም የወገራውን አየሉ ጠርተው ነበር።

«የወገራው።»

በቃ። ቆጠራው እዚያው ቆመ። አቶ ክፍሌ ሌላ ሽማግሌ ይጠየቅ፣ ይጣራ አላሉም፤ ማልጌዛ ነጂ አማች ከምታመጣላቸው ቆጠራ ይልቅ የምታስቀርላቸው ቆጠራ ትሻላቸው ነበርና አዝነው ለመታየት እየሞከሩ እንግዶቻቸውን ሸኙ። በማግስቱ ክንዴ በስልክ አንድ መልእክት ላከ። «እህቴ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ይላል። ሊታል ስትጽፍ ስታጠፋ፣ ስትጽፍ ስታጠፋ ቆይታ «አንተንም፣ ወንድሜ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። አሁን ሓኑካ ነው፣ ሦስት ወር አልፏል፣ እሷም ዛሬ ድረስ ትወደዋለች። የሚያሳፍራትም ይኸው ነው። ሰው ወንድሙን እንዲህ አይወድም።

ስታቭ ክንዴን በሆዱ አስተኛችው። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ሊታል የምታየው ጀርባውን ብቻ ነው። ከስቷል። ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ አየችና ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

ዶክተር አሎን ገባ። ረጅም፣ ሁልጊዜ አንድ ዜማ በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ሰው ነው። «ግራ ኩላሊትህ ሽንቱን ከሚያወርድበት አፍ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር በቅላለች» አለው በዕብራይስጥ። «ክፉም ልትሆን ትችላለች፣ ምንም ላትሆንም ትችላለች። ከጀርባህ በቀጭን መርፌ ገብቼ ቁራሽ እወስዳለሁ። ስክሪኑ መንገዱን ያሳየኛል። በቤተሰብህ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

«የለም።»

«አባትህ?»

«አባቴ ሞቷል። ልጅ እያለሁ።» ክንዴ ትንሽ አመነታ። እናቱ የነገሩት ምች መታው ብለው ነው፤ ለምች ዕብራይስጥ ማን አለው? «በድንገት ነው» አለ።

ሥራው ተጀመረ። ማደንዘዣው ተወጋ። ማሽኑ የተቀዳችውን የሴት ድምፅ አሰማ፦ «ላካሓት አቪር። ሎ ሊንሾም።» አየር ሳብ፣ አትተንፍስ ማለቷ ነው። ክንዴ አየር ሳበ፣ ያዘ። ሊታል ሥዕሉን አነሳች። አሎን መንገዱን ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ መርፌውን አዘጋጀ። ድምፅዋ እንደገና አዘዘች፣ ክንዴም እንደገና ሳበ። ይሄኛው ግን ከመጀመሪያው የጠለቀ ትንፋሽ ነበር። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ይወርዳል ይወጣል፤ ትንሿ ነገር ከምልክቱ ጠፋች።

«አንድ ዓይነት ትንፋሽ ስጠኝ» አለ አሎን። «ሁልጊዜ ያው መጠን።»

እንደገና ሞከሩ። አሁን ደግሞ ትንፋሹ አጭር ሆነ። አሎን ማንጎራጎሩን አቆመ። ሊታል በስክሪኑ ላይ የምታውቀውን ነገር አየች፤ ክንዴ ሲፈራ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እሱ ግን ፈራሁ አይልም። ወንድ ልጅ!

«በዚህ ሁኔታ መርፌ አላስገባም» አለ አሎን። «ከኩላሊቱ አጠገብ ትልቅ የደም ሥር አለ። ካልሆነ ሌላ ቀን ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተን…»

«ዲ፣ በቃ፣ ተውት» አለ ክንዴ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። «ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ሊታል ሌላ ቀን የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ስትሰማ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አይመጣም ማለት ነው። ያቺ ነገር እዚያው ተቀምጣ ታድጋለች ማለት ነው። እቅዷ ትዝ አላት። ከመስታወቱ ጀርባ ዝም ብሎ የመቀመጡ እቅድ። ከዚያ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች።

«ክንዴ።»

ጀርባው ላይ ያለው ጡንቻ ሁሉ ሲኮማተር አየችው።

«አትንቀሳቀስ። እኔ ነኝ።» ወደ ማይክሮፎኑ ቀረብ አለች። «ያቺን ሴትዮ አትስማት። እኔን ስማኝ። ትንሽ አየር ሳብ። ውሃ እንደምትጎነጭ፣ ትንሽ። በቃ። ያዝ።»

ሥዕሉን አነሳች። ትንሿ ነገር ከምልክቱ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

አሎን በመስታወቱ በኩል አያት፤ ምን እንዳለችው አልገባውም፣ የሆነውን ግን አይቷል። በእጁ ቀጥይ አላት።

«ትንሽ አየር ሳብ» አለች ሊታል። «ያዝ። አትተንፍስ።» መርፌው ገባ። ሊታልም አብራው ትንፋሿን ይዛለች። የመርፌው ምላስ ጧ ብላ ጮኸች፣ የክንዴ ጣቶች የአልጋውን ጠርዝ ጨበጡ። «ልቀቅ። ጎበዝ። አሁንም ትንሽ ሳብ።» እንዲህ እያለች ደጋግማ አዘዘችው፤ እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዛንፍ ታዘዛት። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች ናቸው። አሁን የተፈቀደላቸው ቃል ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ ብቻ ነው፤ ሊታል በእነዚያ በሦስቱ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ያለችው መሰላት።

አሎን መርፌውን አወጣ። «ኮል ሃካቮድ፣ አበጃችሁ» አለ። «ሁለታችሁም።»

ክንዴ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ዓይናቸው ተገጣጠመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና፣ በማይክሮፎኑ በኩል እንደሚሰማ እያወቀ፣ «አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አላት።

ሊታል ቁልፉን ለቀቀች። እህቴ የሚለውን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልታው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋ ሳይሆን፣ ወደ ተኛበት ክፍል ሄደች። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት የደም ግፊቱን ማየት ነበር፤ የደም ግፊቱን የሚያዩ ነርሶች ሞልተው ነበር። ክንዴ እስከ ማታ ድረስ በጀርባው እንዲተኛ፣ እንዳይነሳ፣ ወደ ጎን እንኳ እንዳይዞር ታዟል።

«ያምሃል?»

«አያምም።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«የወገብ ፎቶ ነው ያልኳት። ዕቃ ሳነሳ ወገቤን አመመኝ ብያታለሁ።» ጣራውን እያየ ነው የሚያወራው። «አትንገሪያት። እሷ ትጨነቃለች።»

«ሽንትህ ትንሽ ሊቀላ ይችላል። መርፌ ስለገባ ነው፤ ቢሴደር፣ ደህና ነው፣ አትደንግጥ።»

«ነግረውኛል።»

ሊታል ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከለች። እህትም ታስተካክላለች፤ ይህን ለራሷ እየነገረች ነው ያደረገችው።

እማማ ትብለጥ የገቡት በዚያ መሐል ነው። ከሽኩና ቫቭ ሰፈራቸው በአውቶቡስ መጥተው፣ ዳቦ በፌስታል ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው። የአሮጊቶችን ቤት የሚያጸዱ፣ በሽተኛ ያነሱ ያስቀመጡ ሴት ናቸውና ክፍሉን እንደ ገቡ ነው ሥራ የጀመሩት። ሊታልን ሲያዩ ግን እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ሳሟት፤ ዓይኗን ግን አላዩም። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ሽንቱ መጣ። መጋረጃው ተጋረደ፣ የፕላስቲኩ ጠርሙስ ተሰጠው። ሊታል ነርስ ልትጠራ ስትወጣ፣ እማማ ትብለጥ ነርስ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ጠርሙሱን ራሳቸው ከመጋረጃው ሥር ተቀበሉት።

ሊታል ስትመለስ እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ውስጡ ያለው ቀልቷል።

«እማማ!» አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እማማ ትብለጥ፣ አይደንግጡ። ይሄ ልክ ነው። መርፌ ስለተወጋ ነው፣ ነገ ይጠራል።»

«መርፌ? ፎቶ ነው ያለኝ።»

ሊታል ምላሷን ነከሰች። እማማ ትብለጥ ግን አልተቆጡም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። «እሱ ደበቀኝ፣ እኔ ደበቅኩት» አሉ። «ያባቱም እንዲህ ነው የጀመረው።»

«አባቱ በምች አይደለም የሞቱት?»

«ምን ልበላቸው? ልጆች ናቸው። ያባታችሁ ደም በሽንቱ እየወጣ አለቀ ልበላቸው? ምች አልኳቸው። ምች ማንንም ይመታል።» ሊታል ጠርሙሱን ቀስ ብላ ተቀበለቻቸው። «ልብሱን የማጥብ እኔ ነኝ። የውስጥ ልብሱ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ናት፣ እሱ አላስተዋላትም። እኔ ግን ያን ቀለም አውቀዋለሁ።»

«መቼ ነው ያዩት?»

«ከበዓሉ በፊት። እናንተ ቤት ለቆጠራ የመጣን ሳምንት።»

ኮሪደሩ ላይ አልጋ እየተገፋ አለፈ። ሊታል እግሯን ሰበሰበች። አንድ ነገር በልቧ ውስጥ ቀስ እያለ ይነሳ ጀመር፣ እሷም ፈራችው።

«እማማ» አለች። «አየሉስ?»

እማማ ትብለጥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የወገራው አየሉ። ክንዴን እና እኔን የሚያገናኘን። ከወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«አየሉ የሚባል በኛ ዘር የለም» አሉ እማማ ትብለጥ። «አባትሽ ሲቆጥሩ ሰማሁና ያንን ስም ወሰድኩት።»

ሊታል መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ በእንዲህ ያለ ቦታ ስለመጣባት ደግሞ ወዲያው አፈረች። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ራሷን እንደ ርኩስ ስትጠላ፣ እኚህ ሴት ያውቁ ነበር።

«ለምን?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለና አንዲት ነርስ ዞራ አየቻት። «ላማ፣ እማማ? ለምን?»

«እኔ በሠላሳ ዓመቴ ሦስት ልጅ ይዤ ቀረሁ። የዚህን አገር ቋንቋ ሳላውቅ። ያንቺን ፊት ሳይ…» እንባቸውን ጠረጉ። «ታሟል ብል የልጄ ስም ይጠፋል። አንቺም አትለቂውም።»

«አልለቀውም ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው። በዘር ከቀረ ግን ማንም አይዋረድ፣ ማንም አያዝን ብዬ።» የሊታልን እጅ ያዙ። «እባክሽ ልጄ፣ ለሱ አትንገሪው። ይዳን መጀመሪያ። ክፉ ነገር ለታመመ ሰው አይነገርም።»

ሊታል በአባቷ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቷን እየደፋች ያደገች ናት። አሁንም አንገቷ ሊደፋ ነበር። ግን አሎን ሲጠይቅ፣ ክንዴም የለም ሲል፣ በማይክሮፎኑ ሰምታዋለች።

«ሐኪሙ ማወቅ አለበት» አለች። «በአባት በኩል የሚወርድ ከሆነ የሚፈልጉት ሌላ ነው፣ የሚያክሙትም ሌላ ነው። ከዋሸነው እኛው ነን የምንጎዳው። እኔ አልነግረውም፣ እማማ። እርስዎ ይነግሩታል። ዛሬ፣ አሁን።» ይህን ተናግራ ራሷ ደነገጠች። እማማ ትብለጥም ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት፣ እሷም ከወለሉ አነሳቻቸው።

አሎን ክንዴን ሊጎበኝ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሊታል በዕብራይስጥ ነገረችው፦ እናትየው ስለ ቤተሰቡ የሚሉት አለ፣ እኔ እተረጉማለሁ። አሎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክንዴ አንዴ እናቱን አንዴ ሊታልን እያየ «ምንድን ነው?» አለ። መነሳት አይችልም፣ መዞርም አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ለመስማት ከዚያ የባሰ አልጋ የለም።

እማማ ትብለጥ የልጃቸውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዙና፣ ዘር ሲቆጠር በሚቆጠርበት ድምፅ፣ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ክንዴ ዘበነ። ዘበነ ታከለ። ዘበነን የገደለው ምች አይደለም። ሽንቱ ደም ሆኖ፣ ከስቶ ነው የሞተው። ልጆቼን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።»

ሊታል ተረጎመች።

«ታከለ ጀምበሬ። እኔ በትዳር ሳልገባ ነው የሞተው። ዘበነ አገር ቤት ሲታመም ግን አክስቱ ‹እንደ ታከለ ሆነ› ስትል ሰምቻለሁ። ጀምበሬ ዋሴ። እሱ ሸምግሎ ነው ይላሉ።»

አሎን ይጽፋል። ሊታል ትተረጉማለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እየጠበቀች የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ዋሴ» አሉ እማማ ትብለጥ፣ እንደዚያ ቀንም ቆም አሉ። «ዋሴ ቢያድግልኝ። ቢያድግልኝ ሰጠኝ። ሰባት ሞላ።»

ሊታል መተርጎም አልቻለችም። «ቀጥይ እንጂ፣ ምን አሉ?» አለ አሎን። እሷ ግን ክንዴን ነበር የምታየው። ክንዴ በከንፈሩ ብቻ እየቆጠረ ነው።

«አየሉስ?» አለ። «እማዬ፣ አየሉ የት ሄደ?»

«አየሉ የለም፣ ልጄ። ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አሎን ስለ አየሉ ምንም አላወቀም፣ ማወቅም አላስፈለገውም። የዘበነንና የታከለን ነገር አጥብቆ ጠየቀ፤ ስንት ዓመታቸው ነበር፣ ሌላ የታመመ ነበረ ወይ። «ይህን መስማቴ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክፉ ነው ማለት አይደለም። የወሰድነው ቁራሽ መልስ እስኪመጣ እኔም አላውቅም። ግን አሁን ምን እንደምንፈልግ እናውቃለን፤ የደም ምርመራም እጨምራለሁ፣ ወንድምና እህትም ካሉህ ይመርመሩ።» ክንዴን ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ክንዴ ሊነሳ ሞከረ። ሊታል መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ወደ ትራሱ መለሰችው። «አትነሳ! ደም ይፈስሃል!» ከቆጠራው ወዲህ ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን ማንሳት ነበረባት። አላነሳችም።

«ሃያ ዓመት፣ እማዬ!» አለ ክንዴ። «ሃያ ዓመት አባቴን ምች መታው እያልኩ! እሺ እሱስ ይሁን። እሷን ግን…» ወደ ሊታል አየ። «እህትህ ናት አልሽኝ። እኔ ደግሞ አመንኩሽ።»

እማማ ትብለጥ አልተከራከሩም። እግሩን ሳሙት። ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን እንደ ገና አደገደጉ። «ዛሬ ክፍሌ ቤት እሄዳለሁ» አሉ። «በሽማግሌው ፊት እንደ ገና እቆጥራለሁ። የሚሰድበኝም ይስደበኝ።» በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ሊታል ዞሩ፣ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ተዉት፤ ወጡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። በመስኮቱ በኩል የከተማው ቢጫ ብርሃን ቀዝቅዞ ይታያል። ክንዴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከዓይኑ ጠርዝ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፣ በጀርባው እንደተኛ ሊጠርገውም አልሞከረም።

«ሂጂ፣ ሊታል» አለ።

«ማ? ምን?»

«ሂጂ። እናቴ የተናገረችው ውሸት ነው። የፈራችው ግን እውነት ነው። አያቴ፣ አባቴ፣ አሁን እኔ። ቆጥረሽው የለ? ገና ወጣት ነሽ። አባትሽ የሚፈልጉት ዓይነት ሰው አታጪም።»

ሊታል መጀመሪያ የመጣላት በዕብራይስጥ ነበር፤ ስትናደድ ዕብራይስጥ ነው የሚቀናት። ዋጠችው። ይህን የምትናገረው እሱ ባስተማራት ቋንቋ ነው።

«ስማኝ» አለች። «ሦስት ወር እህትህ ሆኜ ኖሬያለሁ። በሕልሜ ስትመጣ እንኳ ኃጢአት ነው እያልኩ ተነስቼ ፊቴን እታጠብ ነበር። የምትወደው ሰው በሕይወት እያለ እንዳታለቅስለትም፣ እንዳትስቅለትም ስትከለከል ምን እንደሚመስል አየሁት። ከዚያ የባሰ ምን ያመጣብኛል የዶክተሩ መልስ?»

«ብሞትስ?»

ቃሉ ወጣ። እስካሁን ማንም ያልደፈረው ቃል፤ እናቱም ሃያ ዓመት የሸሹት። ሊታል አልሸሸችም። ፈርታ ነበር፣ ግን ፊቷን ወደ ፊቱ ዝቅ አደረገች።

«ብትሞት የማለቅሰው ለባሌ ነው» አለች። «ብትድንም የምስቀው ከባሌ ጋር ነው። ወንድሜ ግን ከዛሬ ጀምሮ አልልህም። መልሱ ክፉ ይሁን ደግ ይሁን፣ እሱ ሳይመጣ ነው የነገርኩህ። በኋላ አዝናልኝ ነው እንዳትል።»

ክንዴ ዓይኑን ገልጦ አያት። እጇ አሁንም ደረቱ ላይ ነው፤ ደረቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹን ይዟል። ሊታል ቀኑን ሙሉ ያንን ትንፋሽ ስትጠብቅ ውላለችና አወቀችው።

«ልቀቅ» አለችው። «አሁን ማሽን የለም። ልቀቅ።»

ለቀቀ። ረጅም፣ የተቆራረጠ፣ ለቅሶ የተቀላቀለበት ትንፋሽ ነበር፤ አሎን ቢሆን ይህን አልቀበልም ይል ነበር። ክንዴ በጀርባው እንደተኛ እጁን እየዳበሰ አነሳና የሊታልን እጅ ደረቱ ላይ ያዘው።

«ሊታል» አላት።

እህቴ አላለም።